ከዐስር እስከ መግሪብ

የካውያ ሽታ አሁንም ያስቆመኛል። ባለፈው ሳምንት በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት በር ሳልፍ፣ ውኃ የተረጨበት ነጭ ጨርቅ ላይ የጋለ ብረት ሲያርፍ የሚወጣው ያ እንፋሎት አፍንጫዬ ደረሰና የምሄድበትን ረስቼ ቆምኩ። ውስጥ የነበረው ሰውዬ «ልብስ ልትሰጪ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። እናቴ ትዝ ብላኝ ነው ብለው ምን ይለኛል? ይቅርታ ጠይቄው መንገዴን ቀጠልኩ።

እናቴ ዘሃራ ከወሎ ወደ ካርቱም የመጣችው እኔን በሆዷ ይዛ ነው። አባቴ ሊከተላት ነበር ይባላል፤ አልተከተላትም። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አርካዊት በሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በሠራተኛነት ትሠራ ነበር። ጠዋት ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ትተኩሳለች። የዚያ ቤት ወንዶች ብዙ ነበሩ፤ ሁሉም ነጭ ጀላቢያ ይለብሳሉ፤ ጀላቢያ ደግሞ ካልተተኮሰ ሱዳን ውስጥ እንደ ልብስ አይቆጠርም። ጀንበር ጠልቃ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስትመጣ አንገቷ ሥር እገባለሁ። ካውያ ካውያ ትሸታለች። ሌላው ልጅ እናቱን በምን ሽታ እንደሚያውቃት አላውቅም፤ እኔ የማውቃት በዚህ ነበር።

ላወራ ያሰብኩት ግን ስለ አንድ የብርድ ወራት ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ። የካርቱም ብርድ አጭር ነው፤ ሰው ጠዋት ሹራብ ይደርባል፣ ቀትር ላይ ያወልቃል። ብርዱ ሲያበቃ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ይመጣል። ያለፈች ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። የወደቀች የት እንደምትገባ በእኛ ሰፈር ማንም አይጠይቅም፤ የሰው ቤት ነው የምትገባው። ከእኛ በፊት የወደቀች ማዮ ከሚባለው ሰፈር አንዲት ልጅ ነበረች፤ መጽሐፎቿን ለታናሿ ሰጥታ የሰው ሳህን ማጠብ ከጀመረች ወራት አልፏታል።

የእናቴ አሠሪ እህት ስለ እኔ ጠይቃ ነበር። «ልጅሽ አደገች አይደል? ለእኔ ስጪኝ፣ እንደ ልጄ ነው የማያት» ብላታለች። እናቴ ያን ቀን እቤት እንደ ገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ስሚኝ ሐዩ» አለችኝ። ስሜ ሐያት ነው። «አንቺ የሰው ቤት አትገቢም። ወላሂ አትገቢም።» ድምፅዋ የቁጣ ነበር። እኔም ምንም ሳላጠፋ የተቆጣችኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አኩርፌ ተኛሁ።

የምንኖረው ጀብራ በሚባል የካርቱም ሰፈር ውስጥ፣ ሦስት ክፍል ባለው አንድ ግቢ ነበር፤ ሐውሽ ነው የምንለው። አንዱ ክፍል የእኛ ነው። ሁለቱን የያዙት ጋሽ መስፍንና ልጃቸው ሰላም ናቸው። ጋሽ መስፍን አዲስ አበባ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በፖለቲካ ነው የወጡት፤ ዝርዝሩ ልጆች ፊት አይወራም። ባለቤታቸው ቀድመው ወደ ውጭ ሄደዋል፤ አባትና ልጅ ወረቀታቸውን ይጠብቃሉ። እስከዚያው ጋሽ መስፍን አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ጸሐፊ ሆነው ይሠሩ ነበር። ሰላም የእኔ እኩያ ናት፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል ነበርን።

በእነሰላም ቤት ግድግዳ ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከምሳ በኋላ ሒሳብ፣ ቀጥሎ እንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ቀጥሎ አማርኛ ንባብ፣ ቀጥሎ የአረብኛ ቃል ጥናት። ዓርብ ላይ ብቻ «ጨዋታ፣ አንድ ሰዓት» ይላል። ጨዋታ በሰዓት ተጽፎ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰላም የራሷን ወረቀት አጥብቃ ትጠላው ነበር። እኔ ግን እየሄድኩ በጣቴ እነካው ነበር።

የእኔ ጊዜ የማንም አልነበረም። ከትምህርት ቤት መጥቼ ቦርሳዬን አልጋ ላይ እወረውራለሁ፤ የተረፈ ፉል ካለ በዳቦ እበላለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ። ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤቶች መስኮት ሥር ቆሜ የግብፅ ተከታታይ ድራማ አያለሁ። ፀጉር የምትሠራ አንዲት ሴትዮ ቤት እቀመጥና ስለ ሙሽሮች የሚወራውን እሰማለሁ። አንዳንዴ ሀፍላ የሚባለው የሕዝብ አውቶቡስ መቆሚያ ድረስ ሄጄ ረዳቶቹ የፌርማታ ስም ሲጠሩ አዳምጣለሁ። ሰላም በመስኮቷ እያየችኝ «አንቺ ታድለሽ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው የመሰለኝ።

አንድ ሥራ ግን ነበረኝ፤ የእናቴ ዓይን ነበርኩ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ወረቀቷን ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ፤ የቤት ኪራዩን ውል፣ የክሊኒኩን ካርድ፣ የስደተኛ መታወቂያ የሚታደስበትን ማስታወቂያ። ወረቀቱን በሁለት እጇ አድርጋ ትሰጠኝና ዓይን ዓይኔን ታያለች። እኔ ይላል ያልኩትን ወረቀቱ ይላል። ሰባተኛ ክፍልን ስጨርስ አስተማሪዬ በውጤት ካርዴ ላይ በሒሳብ ደካማ ነች፣ ክትትል ያስፈልጋታል ብላ ጽፋ ነበር። «ጎበዝ ነች፣ ትበርታ ይላል» ብዬ አነበብኩላት። ካርዱን ስማ ፍራሽ ሥር አስቀመጠችው። ቀላል ነበር፤ ያን ያህል ቀላል መሆኑ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የአሠሪዋ እህት ነገር ከመጣ በኋላ፣ አንድ ዓርብ እናቴ ተጣጥባ፣ ለዒድ የምትለብሰውን ሻርፕ ተከናንባ ጋሽ መስፍን ጋ ሄደች። በራቸው ከበራችን አራት እርምጃ አይሞላም። እሷ ግን ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሰው ነበር የለበሰችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ጋሽ መስፍን በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ሰላም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ እንዲያው አንድ ነገር ላስቸግሮት» አለች።

«ምን ችግር አለው ዘሃራ፣ ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። «ይችን ልጅ ምን ላድርጋት? እርሶ የተማሩ ኖት፣ ልጆትን ያውቁበታል። እኔ አሊፍ አላውቅ። ምን ብዬ ላስጠናት?»

ጋሽ መስፍን መነጽራቸውን አወለቁ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ደክሟቸው ነበር። «ማወቅ አያስፈልግሽም» አሏት። «ሰዓት ስጫት። ልጅ ብቻውን አያጠናም። ሰው አጠገቧ ይቀመጥ፤ ዋናው እሱ ነው።»

«መቀመጥ ብቻ?»

«መቀመጥ ብቻ» አሉና ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ያንን የተናገሩት ሊያጽናኗት ይመስለኛል። ምናልባት ከአንድ ሰዓት በኋላ ረስተውትም ይሆናል። እናቴ ግን ሐኪም እንዳዘዘላት መድኃኒት ይዛው ወጣች።

ከሳምንት በኋላ እናቴ በዐስር ሰዓት፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ እቤት ገባች። ምን እንደ ሆነች አልነገረችኝም። ውዱእ አደረገች፣ የዐስር ሶላቷን ሰገደች፣ ከዚያ በንበር የሚሉትን በገመድ የተጠለፈ አጭር መቀመጫ ወሰደችና በሩ ጋ፣ ፊት ለፊቴ አስቀመጠችው። «ያላ ሐዩ፣ መጽሐፍሽን አምጪ። ቅሪ» አለችኝ፤ በእሷ አነጋገር መቅራት ማንበብ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከዐስር እስከ መግሪብ ትቀመጣለች።

ሌላ ምንም አትሠራም። ምስር አትለቅምም፣ የተቀደደ አትሰፋም። የእሷ እጅ ከተንቀሳቀሰ የእኔ ሐሳብ የሚሰረቅ ይመስላት ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ታስቀምጣቸዋለች፤ የካውያ ጠባሳ ያለበት ቀኝ እጇ ሁልጊዜ ከላይ ነው። እነዚያን እጆች ሥራ ፈትተው ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ የእሷ አልመስል አሉኝ። ጎረቤት ለወሬ ስትጠራት በሩ ላይ ሆና «ማዓሊሽ እህቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች። መቀመጥ ሥራ ሆኖ! እያልኩ በሆዴ እስቅባት ነበር።

ንባብ ለእናቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በልጅነቷ አገሯ ላይ ደረሶች፣ የቁርኣን ተማሪዎች፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን ሎሕ ይዘው ሼሁ ፊት ሲቀሩ ሰምታለች፤ ማገዶ ለቅማ ስትመለስ ድምፃቸው ከሩቅ ይቀበላታል። ድምፅ የሌለው ቂርኣት ለእሷ ቂርኣት አልነበረም። ስለዚህ በሰላም በጣም ታዝን ነበር። «ያቺ ምስኪን» አለችኝ አንድ ቀን በሹክሹክታ፣ «ዝም ብላ ታፈጣለች እኮ። አባቷ ይህን ያህል ተምሮ እንዴት አላየውም?» ይህን ለሰላም ነገርኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

እኔ መጀመሪያ ላይ ጮክ ብዬ ነበር የማነበው። ሦስት ቀን ያህል። ጉሮሮዬ ደከመ፤ ከዚያ ይልቅ ሒሳቡ ስለማይገባኝ ልቤ ደከመ። «እማ፣ በዝግታ ልቅራ፣ ሰላምን እረብሻታለሁ» አልኳት። «እሺ፣ ግን ቅሪ» አለች። ድምፄን ቀነስኩ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋና ከንፈሬ ብቻ ቀረ። እናቴ ከንፈሬን ታያለች። ከንፈሬ እስከ ተንቀሳቀሰ ድረስ ፊቷ ሰላም ነው። ይህን ባወቅኩ በሁለተኛው ቀን ማንበብ ተውኩ።

ጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ ከክፍል ጓደኛዬ የተዋስኩትን የሙሽሮች ፎቶ ያለበት መጽሔት አስገባሁ። እያየሁ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ምን እያልኩ? የሰርግ ዘፈን እላለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅብኝ ከጀብራ እስከ መሀል ከተማ ያሉትን ፌርማታዎች በየተራ እጠራለሁ፤ እደርስና ደግሞ እመለሳለሁ። ይህንንም ለሰላም ነግሬያት አብረን ሳቅንበት። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ስንቴ መሀል ከተማ ሄጄ እንደ ተመለስኩ ሳታውቅ፣ «ማሻ አላህ» ትላለች ለራሷ። ለምን እንደዚያ አደርግ ነበር? አንዳንዴ ስንፍና ነው እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ስላላመነችኝ ልትጠብቀኝ የተቀመጠች መስሎኝ እልህ ይዞኝ ነበር እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ ቀን ጋሽ መስፍን ውኃ ሊቀዱ ዚሩ ወደ ተቀመጠበት ጥላ ሲሄዱ ከጀርባዬ አለፉ። ዚር ትልቁ የሸክላ ማሰሮ ነው፤ የሐውሹ ሰው ሁሉ ከእሱ ነው የሚጠጣው። ቆም አሉ። መጽሔቱን አዩት። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከዚያ ወደ እናቴ ተመለከቱ፤ እናቴም ተነሥታ በአክብሮት ጎንበስ አለችላቸው። ውኃቸውን ጠጥተው ምንም ሳይሉ ገቡ። እኔም ማንበብ የሚችል ሰው ማንበብ የሚችልን ሰው አያሳጣም ማለት ነው ብዬ ኮራሁ። ከሳቸው ጋር አንድ ምስጢር ያለኝ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በእነዚያ ቀናት አንድ ሌላ ነገር አስተውዬ ነበር። እናቴ ካውያ ካውያ መሽተት ትታለች። ሳሙናና ላብ ብቻ ናት። ዓርብ ዓርብ የምንበላው ሥጋም ቀረ። ነገሩን በልጅ አእምሮዬ አገጣጠምኩና ከመተኮሱ ሥራ ተባርራለች አልኩ። ጀላቢያ አቃጥላ መሆን አለበት። የሰው ውድ ጀላቢያ ላይ እናቴ ካውያ ረስታ፣ አሠሪዋ ስትጮኽባት ታየኝ። አፈርኩባት። ይባስ ብዬም ተናደድኩ፤ የምትሄድበት ስላጣች ነው እኔ ላይ የምትቀመጠው አልኩ። ለሰላም እንኳ ይህን አልነገርኳትም።

ረመዳን ገባ። እናቴ ከንጋት በፊት የሚበላውን ሱሑር አብስላ ካበላችኝ በኋላ አትተኛም፤ ወደ አርካዊት ትሄዳለች፤ በዐስር ተመልሳ በንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ከንፈሯ ይደርቃል። ፀሐዩ ወደ በሩ ሲዞር ጭንቅላቷ ቀስ እያለ ደረቷ ላይ ይወርዳል። ያኔ ከንፈሬን አቆማለሁ፤ ለማን ብዬ አንቀሳቅሳለሁ? ድንገት ትነቃና «አዑዙ ቢላህ» ብላ ወደ ዚሩ ሄዳ ፊቷን ትረጫለች። «ደረስሽ?» ትለኛለች። «ደረስኩ» እላታለሁ። «አብሽሪ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ትለኛለች፤ እኔ የደከመኝ መስሏት።

ዒድ አልፎ ለፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀር እናቴን ወባ ያዛት። አንድ ዓርብ ጠዋት እየተንቀጠቀጠች «ሐዩ፣ ሄደሽ ዛሬ አልችልም በያቸው» አለችኝ። በሀፍላ አርካዊት ሄድኩ። አሠሪዋ ሱዓድ፣ «ኻልቶ» (አክስቴ) የምላት፣ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴትዮ ናት። የተቃጠለውን ጀላቢያ ታነሣብኛለች ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተክያለሁ። እሷ ግን አቅፋ ሳመችኝና በአረብኛ ማውራት ጀመረች።

«አላህ ያሽራት። የከሰዓቱን ከተወችብን ወዲህ ልብሳችን ሁሉ ተበላሽቷል። ሌላ ሴት አመጣን፤ እንደ እናትሽ የምታውቅበት ግን የለም።»

«ተወች?» አልኩ።

«ለመንናት እኮ! እምቢ አለች። ልጄ ስታነብ ሰው አጠገቧ መቀመጥ አለበት፣ የተማሩ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት አለችን።» ጉንጬን ያዝ አደረገችኝ። «መቼም አንቺ ሐኪም ሳትሆኚ አትቀሪም።»

ስመለስ ሀፍላው ሞልቶ ነበር። በመስኮት በኩል ተቀምጬ በሻርፔ ጫፍ ፊቴን ሸፈንኩ። አንዲት ሱዳናዊት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏት ጀርባዬን እያሻሸች እስከ ጀብራ አብራኝ ሄደች።

ያንን ሳምንት አነበብኩ። ከጎህ በፊት እየተነሣሁ፣ እየበላሁ፣ እየተራመድኩ አነበብኩ። ሰላም የዓርብ ጨዋታዋን ሰጠችኝ፤ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ልታስረዳኝ ሞከረች። «ይሄንን አታውቂውም?» ትለኛለች እየደነገጠች፤ «ይሄ እኮ የአምስተኛ ክፍል ነው።» አባቷ የሚያነቡት ጋዜጣ ከሱቁ ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ አሮጌ ጋዜጣ መሆኑን፣ እሷ አጠገብ ለመቀመጥ ብለው አንዱን አራት ጊዜ እንደሚያነቡት የነገረችኝም ያን ዓርብ ነው። እናቴ ወባው ገና ሳይለቃት በዐስር ሰዓት ከአልጋዋ ወርዳ በንበሯ ላይ ተቀመጠች። ተኚ ብላት «አይሆንም፣ አሁን መጨረሻው ላይ?» አለችኝ። ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። ከፈተናው በኋላ እነግራታለሁ አልኩ።

ፈተናው መጣ፣ ሄደ። የሒሳቡ ወረቀት ላይ ስሜንና ሁለት ጥያቄ ብቻ በእርግጠኝነት ሞላሁ።

ውጤት የወጣ ቀን እናቴ ከሥራ ቀርታ አብራኝ መጣች። ያለፉት ሴቶች ስም ዝርዝር የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እናቶች እልል ይላሉ። ሰላም ከላይ ሦስተኛዋ ናት። እናቴ የእጄን አንጓ ይዛ ወደ ወረቀቱ አስጠጋችኝ።

«የታለሽ ሐዩ? አሳዪኝ።»

ሌላ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ይላል ያልኩትን ይል ነበር። ይኼኛው ግን ሁሉም ሰው የሚያነበው ነው። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ፈለግሁ።

«የለሁም እማ።»

«ከታችም የለሽም?»

«ከታችም የለሁም።»

እጄን አልለቀቀችም። መንገዱን ሁሉ እንደ ያዘችኝ እቤት ገባን። ውኃ ጠጣች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ «እኔ ነኝ» አለች። «በረመዳን አንቀላፋሁብሽ። አራት ቀን፣ አምስት ቀንም ይሆናል። ያኔ ነው ያመለጠሽ።» ልናገር አፌን ስከፍት ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። አራቱን እርምጃ አልፋ ጋሽ መስፍን በር ላይ ቆመች። ጋሽ መስፍንና ሰላም ለስላሳ ከፍተው ተቀምጠዋል።

«እንኳን ደስ አሎት ጋሼ። አንቺም እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ሁለት እጇን አጣምራ፣ «እርሶ ሲቀመጡ ምንድነው የሚያደርጉት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እኔም እንዳሉኝ ተቀመጥኩ። ከዐስር እስከ መግሪብ፣ አንድ ቀን አልቀረሁም። የጎደለኝ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ለሚመጣው ዓመት ላስተካክል።»

ጋሽ መስፍን ጠርሙሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። «ዘሃራ» አሉ፣ «አንቺ የጎደለሽ ነገር የለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ንገሪያት ሐያት።»

ነገርኳት። መጽሔቱን፣ ዘፈኑን፣ ፌርማታዎቹን ነገርኳት። እየቀነስኩ ልነግራት ነበር ያሰብኩት፤ ከጀመርኩት በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ። እናቴ በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግንባሯን ቋጥራ እየተመለከተችኝ፣ ያልገባኝን ነገር ልታስረዳኝ እንደምትሞክር ሁሉ፣ «ከንፈርሽ ግን ይንቀሳቀስ ነበር» አለችኝ።



«እኔም አንድ ቀን አይቻት ነበር» አሉ ጋሽ መስፍን። «ትተወዋለች ብዬ ዝም አልኩ። አጥፍቻለሁ።» እናቴ ቀስ ብላ እሳቸውን አየች፤ ቀጥላ ዓይኗን መሬት ላይ የተከለችውን ሰላምን አየች። ያኔ ገባት። በዚያ ሐውሽ ውስጥ ማንበብ የምንችለው ሦስታችንም እናውቅ ነበር። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። «ኸይር ነው» ብላ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ቤታችን ገባች። በሰው ፊት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አላየኋትም።

የአሠሪዋ እህት ዳግመኛ ብትጠይቅም እናቴ አልሰጠችኝም። ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ዳይሬክተሯን ለምና፣ ስምንተኛን እንድደግም አስመዘገበችኝ። ለእኔ የምታደርገውን ማድረግ አልተወችም። ምሳዬን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ስታመም አጠገቤ ታድራለች። የከሰዓቱን የመተኮስ ሥራ ግን መልሳ ያዘች። በዐስር ሰዓት በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ትምህርት ከተጀመረ ወር ያህል ሆኖት፣ አንድ ዓርብ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት። «እማ፣ ዛሬ ቅሪ። ተቀመጪልኝ። እውነቴን ነው የማነበው» አልኳት።

አልተቆጣችም። «እኔ ብቀመጥ ምን አውቃለሁ ልጄ?» አለችኝ። «ብታነቢም ባታነቢም ለእኔ አንድ ነው የሚመስለኝ።» ግንባሬን ሳመችኝና ወጣች።

በዚያ ዓመት በየቀኑ ከዐስር እስከ መግሪብ አነበብኩ። ሒሳቡን ከአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ጀመርኩት። እናቴ እንዴት ነሽ እንጂ ደረስሽ ብላ አልጠየቀችኝም። ውጤት ሲወጣ ጋሽ መስፍን አብረውን እንዲሄዱ የለመነቻቸው እሷ ናት፤ እኔ ለደስታው ነው ብዬ ነበር። ግድግዳው ጋ ስንደርስ ስሜን ወዲያው አገኘሁት። በጣቴ አሳየኋት። ጣቴን አየች፣ ስሙን አየች፤ ከዚያ ወደ ጋሽ መስፍን ዞራ «እውነቷን ነው ጋሼ?» አለቻቸው።